የልጄን ባንድ ለመስማት፦ ከደሴ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እህል ሊያስፈጭ የሚመጣው ሁሉ ወፍጮው ከመነሳቱ በፊት «አሜሪካ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ወፍጮው ሲነሳ ደግሞ መልሴ አይሰማም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። ስለ ትላልቅ ሕንፃዎች ማወቅ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ የሄድኩት ልጄን ለመስማት ነው፤ የምጽፈውም በዚያ መንገድ ላይ የገጠመኝን ብቻ ነው።

ትርሲት የመጨረሻ ልጄ ናት። በትምህርቷ ጎበዝ ስለነበረች ሙሉ ወጪዋ ተችሎላት እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ የሚባል ከተማ፣ ምሕንድስና ልትማር ሄደች። ሁለት ዓመት ተማረች። በሦስተኛው ዓመት ከሦስት እንግሊዛውያን ጓደኞቿ ጋር የሮክ ባንድ አቋቁማ ከዩኒቨርሲቲው የአንድ ዓመት ፈቃድ ወሰደች። የነገረችኝ ከወሰደች በኋላ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ የሚያስተምረኝ አጥቼ፣ የወፍጮ ሞተርን ከመመሪያ መጽሐፉና ከአንድ የተቀዳደደ መዝገበ ቃላት የተማርኩ ሰው ነኝ። ለእኔ የተዘጋው በር ለእሷ ተከፍቶ ሳለ በገዛ እጇ ልትዘጋው ነው ብዬ ተቆጣሁ። ስምንት ወር አላናገርኳትም። ስትደውል ስልኩን ለእናቷ እሰጥ ነበር።

ለሐምሌ ወር ባንዱ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ባንድ ዝግጅት ላይ መክፈቻ ሆኖ እንዲጫወት ተጠራ። ከሚጫወቱባቸው ከተሞች አንዱ ታናሽ እህቴ ዘነበች ከምትኖርበት አጠገብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ትመለስ እንደሆነና እንዳልሆነ በወሩ መጨረሻ እንድታሳውቅ ጠይቋት ነበር። በእናቷ በኩል መልእክት ላከችልኝ፦ «አባዬ አንድ ጊዜ መጥቶ ይስማኝ። ከሰማ በኋላ ተመለሽ ካለኝ እመለሳለሁ።» ዘነበች ዓምና በላከችልኝ ጥሪ ያገኘሁት ቪዛ ጊዜው አላለፈም ነበር። ስልኩን ከእናቷ እጅ ተቀብዬ «ሰምቼ እፈርዳለሁ» አልኳት። ፍርዱን ግን በልቤ ጨርሼ ነበር። የሄድኩት ልመልሳት ነው።

ቅዳሜና እሑድ

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለው በረራ ወገብን ለማሳረፍ እንኳ አይበቃም፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለው ግን ሰው ሁለት ጊዜ በልቶ፣ ሁለት ጊዜ ተኝቶ፣ ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጦ የሚደርስበት ነው። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ሪቨርዴል ፓርክ የምትኖር ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ ነበሩ። ወረቀታቸውን ሞላሁላቸው። እሳቸው በምትኩ ከሻንጣቸው ቆሎ አውጥተው እስክንወርድ ድረስ መዳፌን ባዶ አላደረጉትም።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መኮንኑ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። እንግሊዝኛዬ ከሞተር መመሪያ የተወሰደ ስለሆነ፣ ልጄን ለመፈተሽ ነው የመጣሁት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። የባንዱን ስም «ስሎው ኬትል» ብዬ ስነግረው ጓደኛውን ጠርቶ ነገረው፤ ጓደኛው ስሙን ያውቀው ነበር። ማኅተሙን መታና አሳለፈኝ። ቶሎ የማይፈላ ማንቆርቆሪያ የሚል ስም ያለው ነገር ውቅያኖስ ተሻግሮ መታወቁ አላስደሰተኝም። ይልቁንም ልጄን ማስመለስ ካሰብኩት በላይ ከባድ እንደሚሆን ታየኝ።

የእህቴ ባል ግርማ ሊቀበለኝ የመጣው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ባለች አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ የአንድ ትልቅ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ኃላፊ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፓርኪንግ አጥቼ ነው» አለኝ። የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ ማቆሚያ ሲያጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የዘነበች ቤት እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ የተወለደችው ልጃቸው ቤቲ ክፍሏን ለቃልኝ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛች። እምቢ ብል እንግሊዝኛ አዘነበችብኝ፤ ካልተኛሁበት እንደምትቀየም ገባኝ። ቤቱ ውስጥ ከጣሪያው ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ውጭው እንደ ባቲ ይጋግራል፤ ውስጡ እንደ ሐምሌ ደሴ ነው። ለማጥፋት ግድግዳው ላይ ያለውን ነገር ብነካካው ማሞቂያውን አስነስቼው ኖሮ ሁላችንም አልቦን ነቃን። ማታ ዘነበች መክደኛ ነገር ለጥፋበት አገኘሁት።

ሰኞ

ሁሉም ሥራ ሄዱ። ዘነበች ሆቴል ውስጥ የክፍል አጽጂዎች አለቃ ናት፤ ከንጋት በፊት ትወጣለች። እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ ኮሪደሩ ላይ እንደወጣሁ በሩ ከኋላዬ ራሱን ቆለፈ። እኛ አገር በር የሚቆለፈው ሰው ሲቆልፈው ነው። በካልሲ ቆሜ ስጨነቅ ከፊት ለፊት ያሉ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ አሮጊት ወጥተው አዩኝ፤ ወንበር አመጡልኝ፣ ቀጥሎም ለራሳቸው። ቋንቋ የለንም። እሳቸው ባቄላ ይለቅማሉ፤ እኔም እፍኝ ዘግኜ አብሬ ለቀምኩ። ዘነበች እስክትመለስ ባቄላውን ጨረስነው።

ማክሰኞ

ዝግጅቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ትርሲት የላከችው ወረቀት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። ቤቲ ከኮሌጅ በቀጥታ እንደምትሄድ ጠዋት ነግራን ነበር፤ ስትወጣም አባቷን «ዳድ፣ እነዚህ ሐበሾች አይደሉም፤ ኦን ታይም ነው የሚጀምሩት» ብላው ሄደች።

ግርማ ሳቀ። በዚያ አገር የእኛ ሰው ኮንሰርት ከእኩለ ሌሊት በፊት ተጀምሮ እንደማያውቅ፣ አንድ ጊዜ በሰዓቱ ደርሶ አዳራሹን ከሚጠርገው ሰው ጋር ሦስት ሰዓት እንደቆመ አጫወተኝ። «ትኬት ላይ ያለውን አይመኑት ጋሼ፤ እሱ ለፖሊስ ነው» አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወዳጁ ምግብ ቤት ወሰደን። የቤቱ ጌታ የወሎ ሰው ነው፤ ስለ ሐይቅ፣ ስለ ወረባቦ ሲጠይቀኝ፣ ክትፎ ሲያስጨምር፣ ሂሳቡን አልቀበልም ሲል ጊዜው ሄደ።

እኔ በሕይወቴ ለቀጠሮ ዘግይቼ አላውቅም። ገበሬ እህሉን ጭኖ መጥቶ ወፍጮዬን ዝግ አግኝቶት አያውቅም። ያን ማታ ግን እጄ ላይ ሰዓት እያለ አላየሁትም። ዘነበች ሁለቴ «ወንድምዓለም፣ አንነሳም ወይ?» ስትለኝ «ባልሽ ያውቃል» አልኳት።

አዳራሹ የደረስነው ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው። በር ላይ እጃችን ላይ ማኅተም መቱብን። ውስጡ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ድምፁ ደረት ይገፋል። አንድ የማላውቀው ወጣት ሽበቴን አይቶ የጆሮ መድፈኛ ዘረጋልኝ፤ ልሰማ መጥቼ ልድፈን ወይ ብዬ መለስኩለት። መድረኩ ላይ አራት ጺማም ሰዎች አሉ። ትርሲትን ፈለግኳት፤ የለችም። ግርማ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ የትርሲት ባንድ ገና እንደሆነ፣ ዋናው ሁልጊዜ መጨረሻ እንደሚወጣ ነገረኝ። ዋናዎቹ እነዚያ ጺማሞቹ መሆናቸውን ቤቲ መጥታ እስክትነግረን ድረስ ቆመን ጠበቅን። ልጄ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ፣ አርባ ደቂቃ ተጫውታ፣ ወርዳለች። ቤቲ አሥር ጊዜ ደውላ ነበር፤ የግርማ ስልክ መኪና ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው።

ቤቲ ክንዴን ይዛ ወደ ግራ አዞረችኝ። ሰው ሁሉ በሚቆምበት በዚያ አዳራሽ፣ ከመድረኩ ፊት ካለው አጥር ጥግ፣ አንድ ወንበር አለ። ትርሲት የጉልበቴን ሕመም ስለምታውቅ የአዳራሹን ሰዎች ለምና ያስቀመጠችልኝ ነው። ስትጫወት ዓይኗ ከዚያ ወንበር አልተነሳም ነበር አለችኝ ቤቲ፤ ይህን የነገረችኝ በአማርኛ ነው።

ትርሲትን ከበሩ አጠገብ አገኘኋት። ባንዶቹ ራሳቸው ከነቴራ ይሸጣሉ፤ ጠረጴዛ ኋላ ቆማ እያጠፈች ትሰጣለች። ወረፋ ስለነበረ እንደ ገዢ ተሰልፌ ተራዬን ጠበቅኩ። ስደርስ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ።

«አመለጠኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ወንበሩን ሳየው ነበር።»

ቀጣዩ ሰው ከነቴራ ጠየቃት፤ ሰጠችው። ነገ ዕረፍታችን ነው፣ አክስቴ ቤት እንመጣለን አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። እስከ አሌክሳንድሪያ ግርማ ሬድዮ አልከፈተም።

ረቡዕ

ትርሲትና እንግሊዞቹ በተባለው ደቂቃ በሩን አንኳኩ። ዘነበች ገና ሽንኩርት እያቁላላች ነበርና ደነገጠች፤ ጢሱ ጣሪያው ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አስነሳውና ቤቱ ጮኸ። ከሦስቱ ረጅሙ፣ ሃሪ የሚሉት ድራም መቺው፣ ሰላምታ ሳይሰጥ ገብቶ በትሪ እያራገበ ዝም አሰኘው። ጆ ጊታር የሚጫወተውና የሚዘፍነው ነው፤ ቀጭን፣ ዓይን አፋር። ኤማ ኪቦርድ ትጫወታለች፤ ሥጋ አትበላም። ረቡዕ በመሆኑ ማዕዱ የጾም ነበርና ስለ እሷ ተብሎ የተሠራ መስሏት ዘነበችን አቅፋ ሳመቻት። ዘነበችም አላስተባበለችም።

ስንበላ ባንዱ እንዴት እንደተመሠረተ ጠየቅኳቸው። ትርሲት እየተረጎመች ሦስቱም እየተቀማሙ አወሩኝ። ነገሩ የተጀመረው ትርሲት፣ ጆና ኤማ በጋራ በተከራዩት እርጥብ ቤት ነው። ጆና ኤማ ምድር ቤት ወርደው ይለማመዳሉ። ጎረቤቱ ሃሪ ድምፁ ረብሾት ግድግዳውን ሲደበድብ፣ ዱላው ከዘፈኑ ምት ጋር ገጠመ። ጆ ሄዶ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ና አብረን እንጫወት አለው። ትርሲት ያን ጊዜ መሣሪያ አልነበራትም፤ ሻይ አፍልታ ታወርድላቸው ነበር፤ የቤቱ ማንቆርቆሪያ ውሃ እስኪያፈላ አንድ ዘፈን ያልቃል። የባንዱ ስም የመጣው ከዚያ ነው። ከደረጃው ሥር የቀድሞ ተከራይ ጥሎት የሄደ፣ ቤዝ የሚሉት ባለ ወፍራም ድምፅ ጊታር አገኘች። የውስጥ ሽቦው ተበጥሷል፤ በይዳ፣ የጎደሉትን ሁለት ክሮች ጨምራ አስነሳችው። አራት ወር ሙሉ በጣም መጥፎ ነበረች አለ ሃሪ፤ ኤማ ልታስወጣት ፈልጋ እንደነበር ስትናገር ራሷ ቀላች። ትርሲት ይህንንም ሳታሳምር ተረጎመችልኝ።

መጀመሪያ በአንድ መጠጥ ቤት ሲጫወቱ ሰሚያቸው ሰባት ሰው ነበር። ከዚያ ወጥ ቤታቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው አንድ ዘፈን ቀዱ፣ ለሬድዮ ላኩ፣ ረሱት። አንድ ሐሙስ ማታ ኤማ በምትሠራበት ዳቦ ቤት ሬድዮው ዘፈኑን ተጫወተው፤ ዳቦውን አሳረረችው። በሳምንቱ ደገሙት። በወሩ የሚጫወቱበት አዳራሽ በር ላይ የተሰለፈው ሰው መንገዱን ዞሮ ነበር። አንድ ትንሽ ኩባንያ የሙዚቃ ሸክላ አሳተመላቸው። ከትልቅ ኩባንያ ሥር ያልገባውን ሙዚቃ «ኢንዲ» ይሉታል፤ ማለትም ሃሪ እስካሁን ከቤት ወደ ቤት ዕቃ ያደርሳል ማለት ነው።

ግጥሙን የጻፈችው ትርሲት መሆኗን ሲነግሩኝ ወረቀቱን አምጪ አልኳት። መነጽሬን አድርጌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ስድብ የለበትም፣ ስካር የለበትም። እያጠበ መሀል ላይ ስለቆመ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንደሚዘፈን አልገባኝም፤ ማሽኑ የቆመበትን ምክንያት ግን በትክክል ጽፋዋለች።

ሳህኑ ሲነሳ ትርሲት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ፍረድ አባዬ።»

ያልሰማሁትን አልፈርድም አልኩ። ዘነበች ቤቲ በስልክ ቀርጻዋለች፣ እሱን ይስማ አለች። በስልክ የሰማሁትን ሰማሁ አልልም ብዬ እጄን አነሳሁ። ያን ጊዜ ትርሲት ድምፅዋን ሳትጨምር ተናገረች፦

«ስምንት ወር ሳትሰማኝ ፈርደህብኝ ነበር እኮ።»

ግርማ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሦስቱ እንግሊዞች ቃሉ ባይገባቸውም ሹካቸውን አስቀመጡ። በቤቴ ልጅ እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም፤ ቢናገረኝም ዝም አልለውም ነበር። ግን ሐሰት አልተናገረችም።

«እውነትሽን ነው» አልኳት። «ሌላም ልንገርሽ። ትናንት የዘገየሁት ግርማ ስላዘገየኝ ብቻ አይደለም። ሰዓቴን እያወቅኩ አላየሁትም። ብሰማሽ ልሸነፍ እችላለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጆ ምን እንዳልኩ ጠየቃት። አልተረጎመችለትም። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ እዚሁ አሌክሳንድሪያ አንድ የሸክላ መሸጫ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት እንደሚጫወቱና ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ እንደሚነዱ ነገረችኝ።

ሐሙስ

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከሱቁ በር ቆመን ነበር። ግርማ ከሥራው ፈቃድ ጠይቋል፤ ለማቆሚያውም ከሌሊት ጀምሮ አስቦበታል። ሱቁ የተከፈተው አራት ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቱ ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው፣ የማን አባት እንደሆንኩ ሲነገረው ሁለት ወንበር አመጣ፤ አንዱ ላይ ግርማ ተኛ።

ቫናቸው ሲመጣ ዕቃ ላወርድ ተነሳሁ። ሃሪ ሽማግሌ አይሸከምም ብሎ ከለከለኝ፤ የእህል ከረጢት የተሸከመ ትከሻ መሆኑን ትርሲት ስትነግረው አንዱን የድምፅ ሣጥን ከአንድ ወገን አስያዘኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ያየሁት ሙዚቃ ሳይሆን ሥራ ነው። ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ድራም ያጠብቃሉ፣ ገመድ ይዘረጋሉ፤ ማንም ማንንም አያዝም፣ ማንም አይቆምም። አንድ እርር የሚል ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጠፋ። ትርሲት ተንበርክካ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነካች ጆሮዋን ሰጠች፤ የተበላሸውን አገኘች፤ ሌላ ሰው በስህተት እንዳያነሳው ጫፉን ቋጥራ ለብቻው አኖረችው። ለረዳቶቼ ለዓመታት ብነግራቸው ያልሠሩልኝን ነገር ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጀመሩ። ከሸክላ መደርደሪያዎቹ መሀል ሠላሳ ያህል ሰው ቆሟል፤ የጆሮ መሸፈኛ የተደረገለት ሕፃን ያቀፈች እናት አለች፣ ከእኔ የሚያረጅ ሰው አለ። ጆ ሲዘፍን ቃሉን ያላምጠዋል። ጊታሩ እንደ ቆርቆሮ ይጮሃል። የሱን ትቼ ከሥር ያለውን የልጄን ተከተልኩ። ሞተር በደህና ሲሄድ ድምፁን አትሰሙትም፤ ሲጎድል ነው የምታውቁት። እሷ የምትጫወተው እንደዚያ ያለ ነገር ነው። በሦስተኛው ዘፈን ጣቷ ስቶ አንድ ቦታ ጎደለ፤ ሌላ ሰው ያስተዋለ አይመስለኝም። ፊቷ አልተለወጠም፤ በሚቀጥለው ዙር ገብታ ያዘችው፣ ሃሪም እስክትደርስ ቀለል አድርጎ ጠበቃት።

ሲያልቅ ሰው አጨበጨበ። ትርሲት ጊታሩን እንዳንጠለጠለች መጣች።

«ወደድከው?»

«አልወደድኩትም» አልኳት። መዋሸት አልችልም፤ እሷም ታውቀኛለች። ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ሦስት ዓመት ሆኖኛል። «ግን ሥራ ነው» አልኳት። «ሥራሽን ስትሠሪ አየሁ። ሰምቼ እፈርዳለሁ ብዬሽ ነበር፤ ሰማሁ፤ መፍረድ ግን የእኔ አይደለም። ለዩኒቨርሲቲው የምትጽፊውን አንቺው ጻፊ። እኔን አስገብተሽ አትጻፊ። ብትመለሺም ብትቀሪም አባትሽ ነኝ፤ ስትደውዪ አነጋግርሻለሁ።»

ይህን የጠበቀች አልመሰለኝም። ጊታሩን አውርዳ ከረጢቱ ውስጥ ስታስገባ እጇ ዘገየ።

ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ ልመርቃት ከመኪናው አጠገብ ቆምኩ። እሷ አንገቷን ስትደፋ ሦስቱም ከጎኗ ተሰልፈው ደፉ። መንገዳችሁ የቀና ይሁን፣ ክፉ አይንካችሁ፣ እርስ በርስ አትጣሉ አልኩ፤ አሜን በሉ ስትላቸው አሜን አሉ። ግርማም ከኋላዬ ከሁሉም ጮክ ብሎ አሜን አለ።

ትምህርቱን መተዋን የሰማሁት ደሴ ከገባሁ በኋላ ነው። ልክ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ያነቃኛል። ስሕተትም ከሆነ የራሷ ነው፤ አስተካክላ ትኑረው።

ያን ዕለት ቫኑ ሲነሳ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጄን ያዘች። ሃሪ መሪው ላይ ሆኖ ጠበቃት።

«ተመለሽ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር» አለችኝ።

«ለእኔም» አልኳት።